የለቅሶው ዳቦ

ቡራዩ ላይ ዳቦ ቤት የከፈትኩት በሰው ነው፤ በገንዘብማ ምን ኖሮኝ። የእድራችን ዳኛ መንገድ ዳር ያለችውን ክፍላቸውን በርካሽ አከራዩኝ። የሰፈሩ ጎረምሶች ምድጃውን ከመኪና አውርደው በትከሻቸው አስገቡልኝ። እናቴ የአንገቷን ወርቅ ሸጠች። «ሰው ካለሽ ምን ጎደለሽ» ትለኝ ነበር። ገዢዎቼም እነዚሁ ሰዎች ነበሩ።

አንድ ነገር ግን አላሰብኩም። በሰፈራችን እድርተኛ ሲሞት፣ ሬሳው እስኪቀበር ሱቅ ሁሉ ይዘጋል። የሌላው ሳሙናና ዘይት ቆይቶ ይሸጣል፤ የተቦካ ሊጥ ግን ማንን ይጠብቃል? እየደፋሁ ቀብር እሄድ ነበር።

አንድ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ሰነበተና ማታ መጣ። ዱቄት ዋጋው ሰማይ ነክቷል፤ ያለችኝን ሁሉ አቦካሁ። ሲነጋ የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ፤ ጎረቤታችን አንድ አዛውንት አርፈዋል። ይህን ከደፋሁ ሌላ የምገዛበት አልነበረኝም። ጋገርኩ። በሩን ገርበብ አድርጌ ለመንገደኛ ስሸጥ ቀብሩ አለፈኝ።

ማንም ምንም አላለኝም። ምነው በሰደቡኝ። ዝም ብለው አስፋልት ማዶ ካለው ዳቦ ቤት መግዛት ጀመሩ። ፌስታላቸውን አንጠልጥለው በደጄ ሲያልፉ ሰላምታውን እንኳ አልነፈጉኝም፤ «አካም ቡልቴ» ይሉኛል፣ እኔም እመልሳለሁ። ዳኛው ዘንድ ሄጄ አለቀስኩ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዱቄት ይገዛል፤ ቀባሪ ግን አይገዛም» አሉኝ።

«እስቲ ዱቄቱ በምን እንደሚገዛ አንቱ ያሳዩኝ» አልኳቸው።

ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱ። ከዚያ ወዲያ ምድጃው አልጋለም። በዚያው ክረምት እናቴ ሞተች።

ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል። አዎ፣ ሁሉም መጡ። ዳኛው ራሳቸው ቆመው ድንኳን አስተከሉ፣ ያውም ከተዘጋው ዳቦ ቤቴ በር ላይ። ምድጃዬን የተሸከሙት ጎረምሶች እናቴን ተሸከሙ። በሰፈሩ አንድም ሱቅ ክፍት አልነበረም።

ከቀብር ስንመለስ ሴቶቹ ዳቦ በሰፌድ አቀረቡልኝ። የማዶው ዳቦ ነው። ሳየው አወቅኩት።

«ብዪ እንጂ፣ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስሽም» አሉኝ።

ልጠላቸው ፈልጌ ነበር። እናቴን የቀበረልኝን ሰው እንዴት አድርጌ ልጥላ? ቆረስኩና በላሁ። የእኔ ዳቦ ይሻል ነበር።