ለቀሪ የተሰነቀ በሶ

ስንቅ የሚቋጠረው ለመንገደኛ ነው። በእኛ ቤት ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። ባለቤቴ ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀራት፣ ከሐይቅ ከተማ ንቅንቅ ለማልለው ለእኔ መሰነቅ ጀመረች። ገብስ ቆልታ አስፈጨችና በሶውን ክዳን ባላቸው ነጭ ባልዲዎች ሞላች። እንጀራ እየቆራረሰች ፀሐይ ላይ አስጥታ ድርቆሽ አደረገችው። ሽሮ መጠነች፣ ሽምብራ ቆላች፣ ዘመዶቿ ካሉበት ከውጫሌ ምስርና በርበሬ አስመጣች። በመጨረሻ ይህንንም በየባልዲው አድርጋ በየክዳኑ ላይ ወረቀት ለጠፈች። አንዱ «ለጠዋት» ይላል፣ ሌላው «ሥራ ሲበዛብህ»፣ የቀሩት አራቱ ደግሞ ሁሉም «ማብሰል ሲያስጠላህ»። ጠንቅቃ ታውቀኛለች።

ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው። መናኸሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ መኪናዬን ዘርግቼ ቀሚስና ሱሪ እሰፋለሁ፣ የረዘመውን አሳጥራለሁ፣ የጠበበውን አሰፋለሁ። እሷ ከመሄዷ ከዓመት በፊት ስኳር እንዳለብኝ ተነገረኝ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ጣፋጭ ተው፣ ነጭ ዳቦ ቀንስ፣ በሰዓቱ ብላ አለችኝ። እኔም እሺ ብዬ ምክሩን እንዳለ ለባለቤቴ አስረከብኩ። ከዚያ በኋላ ስኳሩ የእኔ፣ ጭንቀቱ የእሷ ሆነ። የቀረበልኝን እበላለሁ፣ ጨው አነሰው ብዬም አማርራለሁ። ዛሬ ያን ሳስበው አፍራለሁ።

እሷ ስትሄድ ጭንቀቱም ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ አጎንብሼ ውዬ ስገባ፣ ለአንድ ሰው ሽንኩርት መክተፍን የመሰለ አሰልቺ ሥራ አላየሁም። ስለዚህ ሳያበስሉ በደህና መብላትን ተማርኩ። ድርቆሽ ላይ ትኩስ ሽሮ መገልበጥ የአፍታ ሥራ ነው። የተቆላው ሽምብራ ከኪሴ አይጠፋም፤ ምሳ ሲያልፈኝ እሱን እቆረጥማለሁ። ከሐይቁ የሚወጣውን አሳ መንገድ ላይ የሚጠብሱት ዘይት ውስጥ እየነከሩ ስለሆነ፣ የእኔን ከሰል ላይ አድርጉልኝ እያልኩ እጨቃጨቃለሁ። ጨቅጫቃው ሰፊ የሚል ስም ወጥቶልኛል። ይውጣልኝ።

ትልቁ ግኝቴ ግን ረቡዕና ዓርብ ነው። ከሱቄ ፊት ለፊት የአንዲት ክርስቲያን ሴትዮ ምግብ ቤት አለ። የእነሱን ሥጋ እኛ አንበላም፣ የእኛን እነሱ አይበሉም፤ ስለዚህ በሌላው ቀን እዚያ ገብቼ ከሻይ አላልፍም። በጾማቸው ቀን ግን ትሪው ሙሉ ለሙሉ የእኔ ነው። ምስር፣ ጎመን፣ ሽሮ፣ ቀይ ሥር፣ ሰላጣ። ነርሷ ራሷ ብታዝልኝ ከዚህ የተሻለ አታዝም። ዐቢይ ጾም ሲገባማ ቤተኛ ነኝ፤ የእኛ ረመዳን ሲደረብበት ደግሞ ማፍጠሪያዬን በሳህን ከድና ትልክልኛለች። ሴትየዋ በዚህ ከተማ ዐቢይ ጾምን እንደ እኔ የሚናፍቅ ክርስቲያን የለም እያለች ትስቅብኛለች።

ባለቤቴ የምትደውለው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ አሠሪዎቿ ምሳቸውን በልተው ጋደም ሲሉ ነው። ከሰላምታው እኩል ምን በላህ ትለኛለች። እዘረዝራለሁ፣ ታርመኛለች፤ ሽሮው ላይ ዘይት አበዛህ፣ ሻይህን ያለ ስኳር ልመድ። እሷ እዚያ ለዘጠኝ ሰው ታበስላለች፤ የራሷን ግን ቆማ ነው የምትጎርሰው። የሚጠሯትም በስሟ አይደለም፣ ለአፋቸው የቀለለ ሌላ ስም አውጥተውላታል።

መናኸሪያው ላይ ስንለያይ አንድ ቃል ሰጥታኝ ነበር። ልጃችን ደሴ የጀመረችውን ትምህርት እስክትጨርስ እሠራለሁ፣ ስኳርህ ከፍ ካለ ግን ውሌን አፍርሼ በማግስቱ እመጣለሁ አለችኝ። እኔን ለማጽናናት ነው ያለችው። ምን እጄ ላይ እንዳስቀመጠች አላወቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ምሳ እሷን የማስቀረት ወይም የማምጣት ምርጫ ሆነብኝ።

ብዙውን ጊዜ በደህና መረጥኩ። «ማብሰል ሲያስጠላህ» ከሚሉት አራት ባልዲዎች ሦስቱን በልቼ ጨረስኩ። አራተኛውን፣ የበሶውን፣ ግን መክፈት አቃተኝ። ከእጇ ሥራ የቀረው እሱ ብቻ ነበር፤ እሱ ካለቀ እሷም ከቤቱ ጨርሳ የምትወጣ መሰለኝ። መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ አቧራውን ስጠርግለት ከረምኩ።

በሄደች በሁለተኛው መስከረም ወደ ግሸን የሚጓዙ አውቶቡሶች መናኸሪያውን ሞሉት። ከተሳላሚዎቹ መካከል አንድ ሽማግሌና ባለቤታቸው ከሱቄ በር ያለው ድንጋይ ላይ አረፍ አሉ። እናትየዋ ከዘንቢላቸው በሶ አውጥተው በፕላስቲክ ሳህን ለወሱት፣ ጨበጡትና ባላቸውን አጎረሱ። ሽማግሌው መንገድ መንገዱን እያዩ አኘኩ። ያጎረሳቸውን እጅ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ተናደድኩባቸው። ሰውየው ምንም አላጠፉም፤ እኔም ሃያ ዓመት ሙሉ እንደዚያው ሳላይ ስበላ ኖሬያለሁ።

ያን ቀን ሱቄን በጊዜ ዘጋሁ። ሁለት ነጭ ዳቦ፣ አንድ ለስላሳና አንድ ፓኬት ብስኩት ገዛሁ። ደክሞኛል፣ ማብሰል አስጠልቶኛል አልኩ ለራሴ። ውሸት ነው። ሆን ብዬ ነው የበላሁት። በማግስቱም እንደዚያው፣ በሚቀጥለውም ሳምንት። ረቡዕ ዕለት ሴትየዋ ከበሯ ብትጠራኝ ሥራ አለኝ አልኳት። ልጄ ከደሴ ደውላ ድምፅህ ደክሟል ስትለኝም ያንኑ ደገምኩላት። የውኃ ጥሙ መጣ፣ እግሬ ከበደ፣ ክሩን መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃተኝ። ደስ አለኝ። ናፍቆት ሰውን ምን ያህል እንደሚያጃጅል ያኔ ነው ያየሁት።

በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ጣቴን ወግታ ቁጥሩን ስታይ ቀና ብላ ምን ስትበላ ነው የከረምከው አለችኝ። ተቆጣችኝ፣ መድኃኒቴን አስተካከለች፣ ቁጥሩን በትንሽ ወረቀት ጻፈችልኝ። ወረቀቱን ይዤ ስወጣ የባለቤቴን የመመለሻ ቲኬት የያዝኩ መሰለኝ።

ከጁምዓ በኋላ ስልኩ ጮኸ። ተለካህ ወይ አለችኝ። ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። አፌን ከመክፈቴ በፊት ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትቀየመኝ። ስኳርህ ከፍ ብሏል እንድትለኝ የምመኝበት ቀን አለ። ወላሂ፣ መምጫ ሰበብ አጥቼ ነው። ከዚያ ሰግጄ አላህ ይቅር በለኝ እላለሁ። ምኞቴ ይደርስበት ይሆን ብዬ ስፈራ ከረምኩ።»

ከኋላዋ ድስት ተንኳኳ፣ አንድ ሰው በዚያ በሌላው ስሟ ጠራት። እውነቱን ብነግራት ትመጣለች። የምትመጣው ግን ባሌን በምኞቴ አሳመምኩት ብላ ነው፤ ይህን ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ትሸከመዋለች። የለም፣ ሆን ብዬ ነው የበላሁት እንዳልላት ወኔው አልነበረኝም። ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

«አብሽሪ» አልኳት። «እየወረደ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ደስታዋን ሰማሁ፤ ከደስታዋ ሥር ያለውንም ሰማሁ።

ቤቴ ገብቼ ባልዲውን ከመደርደሪያው አወረድኩ። በሶው ጠረኑ ትንሽ ደብዝዟል እንጂ ደህና ነው። ባለቤቴ ስታደርግ በጨረፍታ እንዳየሁት ውኃና ጨው ጨምሬ ለወስኩት፤ ውኃው በዛብኝና ጭቃ ሆነ። ቢሆንም በላሁት። ዋሽቻታለሁ፣ ውሸቱን እውነት ከማድረግ ሌላ መውጫ አልነበረኝም። ረቡዕ መንገዱን ተሻግሬ ሄድኩ፤ ሴትየዋም የት ጠፋህ ሳትለኝ ጎመን አበዛችልኝ። በሌላው ቀን ጠዋት ጠዋት በሶዬን እጨብጣለሁ። ሳምንታት አልፈው እጄ ልኩን ሲያውቅ ባልዲውም ወለሉ ታየ።

ባለቀ ዕለት ጤና ጣቢያ ሄጄ ተለካሁ። ዓርብ ስትደውል በቪዲዮ አድርጊው ብዬ አዲሱን ወረቀት ስልኩ ፊት ለፊት ይዤ አሳየኋት። ቁጥሩን አነበበችው፣ አላህን አመሰገነች። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።