የሣህሌ ሱፍ ጀርባ

ሰመራ ውስጥ ሱፍ ሙሉ ልብስ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ያለውም አይለብሰውም። ሙቀቱ አያስለብስም። እዚህ ከተማ ሱፍ ከቁም ሣጥን የሚወጣው ባለቤቱ ለሠርግ፣ ለልቅሶ ወይም ለምርቃት ወደ ደጋ ሲወጣ ብቻ ነው።

የሣህሌ ሱፍ ግን እረፍት የለውም። ሣህሌ ከአዋሽ ተዛውሮ የመጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ዝምተኛ፣ ቀጭን፣ ትከሻው ቀጥ ያለ። ጥቁር ግራጫው ሱፉ ሁልጊዜ ለመንገድ ዝግጁ ስለሆነ፣ ለሽምግልና የሚላክ ሰው ሲጠፋ የሚታሰበው እሱ ነው።

«የሚጠሩት ኮትህን ነው፤ አንተ ተከትለህ ነው የምትሄደው» ትለዋለች ባለቤቱ ስንቅነሽ። እሱም አይክድም።

አያያዙ በእርግጥ የሚያስደንቅ ነው። ሱፉን አያጥበውም። ከመንገድ ሲመለስ መጀመሪያ ኪሶቹን ባዶ ያደርጋል፤ የተረሳ ቁልፍ ጨርቁን ወደ ታች ይጎትተዋልና። ሰፊ ትከሻ ባለው የእንጨት መስቀያ ላይ ሰቅሎ በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ይጠርገዋል። ከዚያ ነፋስ በሚገባበት በር አጠገብ፣ ጥላ ውስጥ ያሳድረዋል። ፀሐይ ላይ አያሰጣውም፤ የሰመራ ፀሐይ ትከሻውን ታነጣዋለች። ሱፍ እኮ ፀጉር ነው! እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱን ሲለቅ ሽታውንም መጨማደዱንም አብሮ ይለቃል።

መተኮሱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያውም ካውያው ሱፉን ሳይነካ። በመካከላቸው እርጥብ የጥጥ ጨርቅ ይነጠፋል። ካውያው አይጎተትም፤ ይጫናል፣ ይነሣል፣ ደግሞ ይጫናል። ሥራውን የሚሠራው እንፋሎቱ ነው። ጨርቁ የሚርስበትም ውሃ የቧንቧ አይደለም። የሣህሌ ቤት ውሃ ጨዋማ ስለሆነ ሲደርቅ ጥቁር ልብስ ላይ ነጭ ክብ ይተዋል። ስለዚህ ጓደኛው ከድሩ በሚያስተዳድረው ፔንሲዮን ከኤሲው ቱቦ የሚንጠባጠበውን በጄሪካን ያጠራቅማል። ያ ውሃ ከአየር የወጣ ነው፤ ጨው የሚባል አልነካውም!

ባለፈው ጥር ሣህሌ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ደሴ እንዲወጣ ተለመነ። የቢሮው ልጅ ቻላቸው፣ ሀይማኖት የምትባል የደሴ ልጅ ሊያገባ ፈልጎ፣ መጀመሪያ የላካቸው ሽማግሌዎች እንኳን እሺታ ሊያገኙ፣ «ተቀመጡ» እንኳ ሳይባሉ ተመልሰው ነበር። አባቷ አቶ ኃይለ ልዑል «ምን ያህል እንደሚያከብረን በሚልካቸው ሰዎች እናያለን፤ አንድ ጊዜ እንሰማለን፣ ከዚያ በኋላ በቃ» ብለዋል።

ሱፉ ግን የዚያን ሰሞን ቤት አልነበረም። ከድሩ ለወንድሙ ልጅ ኒካህ ተውሶት ኮምቦልቻ ሄዶ ነበር። የጉዞው ዋዜማ ላይ መለሰው፤ እንዲሁ መመለሱን ግን ነውር ቆጠረው። የፔንሲዮኑን አንሶላ በሚተኩስበት ካውያ፣ በአንሶላ ሙቀት፣ ጨርቅ ሳያነጥፍ ተኩሶ አመጣው። የኮቱ ደረት እንደ መስታወት ያብለጨልጫል።

«ሣህሌ፣ ወላሂ ላስደስትህ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። አንሶላ አደረግኸው እንጂ።»

«አፉ በለኝ።»

«አፉ ብያለሁ። ውሃውን አምጣ።»

ከድሩ ጄሪካኑን ይዞ ሲሮጥ መጣ። ሣህሌ እርጥቡን ጨርቅ የኮቱ ደረት ላይ አነጠፈ፣ በእንፋሎት መታው፣ ትኩስ ሳለ በብሩሽ አነሣው። ጸጉሩ ቀና አለ፤ ብልጭታው ጠፋ። እጅጌውም ዳነ። ጀርባውን ሲገለብጥ ግን የካውያው ጫፍ ቅርጹን ሳይስት፣ ቡናማ ሆኖ ተቀምጧል። የተዳመጠ ሱፍ በእንፋሎት ይነሣል፤ የተቃጠለ አይነሣም።

«ጋሼ፣ ሌላ እንዋስ» አለ ለጉዞው ሊሸኘው የመጣው ቻላቸው፤ ፊቱ ገርጥቷል።

«የማንን? የተሰቀሉትን ብል በልቷቸዋል።»

«ፊትህን ብቻ አሳያቸው» አለች ስንቅነሽ።

ሣህሌ ደሴ ላይ እንደተባለው አደረገ። ሽማግሌ ቃሉ እስኪሰማ ድረስ አይቀመጥምና ግድግዳ ተጠግቶ ቆመ፤ ቃሉንም ከዚያው ሆኖ ተናገረ። አቶ ኃይለ ልዑል «እስቲ እኛም እንመካከር፤ ለጥቂት ጊዜ ደጅ ቆዩልን» ሲሉ፣ ሁለቱ ዞረው ወጡ። ሣህሌ እጅ እየነሣ፣ አንድ አንድ እግር ወደ ኋላ እያለ ወደ በሩ ሄደ።

«ኧረ እዩት!» አሉ የልጅቱ አክስት ተስፋነሽ። «ጀርባውን እንኳ አይሰጠንም! እንዲህ ያለ አክባሪ ሰው ያለው ልጅማ...»

«እውነትም» አሉ አባትየው፤ «አቶ ሣህሌ፣ ይህን ያህል ክብር ከየት አመጡልን?»

ዝም ብሎ ቢወጣ ነገሩ አልቆ ነበር። ሣህሌ በሩ ላይ ቆመ። ያላደረገውን ተቀብሎ መውጣት ከበደው።

«ክብሩ እንዳለ ሆኖ ጌታዬ፣ ምክንያቱ ሌላ ነው» አለና ዞረ።

ሁሉም ቡናማውን ምልክት አዩ።

«ካውያ ነው?» አሉ አቶ ኃይለ ልዑል።

«የጓደኛ ካውያ ነው። ተውሶኝ፣ ላስደስትህ ብሎ ተኩሶ መለሰልኝ።»

«የየት አገር ሰው ነው?»

«ወሎዬ ነው፤ የኮምቦልቻ።»

«በይ ስሚ!» አሉ ተስፋነሽ ልጅቱ ወዳለችበት ጓዳ ዞረው። «የገዛ አገራችን ሰው ነው ያቃጠለው!» መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ነበሩ፤ ከጓዳ የሴት ሳቅ መለሰላቸው።

አቶ ኃይለ ልዑል ሳቃቸውን ለመዋጥ ጢማቸውን ዳበሱ፤ አልተዋጠላቸውም።

«የወጡትን ሰዎች ጥሯቸው» አሉ። «እንዲህ ያለውን ነገር ያልደበቀን ሰው ስለ ልጁም አይዋሸንም። ተቀመጡ።»

ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቀጠረ።