ለመምህሩ ቀን የተሠራ ወጥ

«በርበሬ በርበሬ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት አይደለም» አለችኝ እትዬ፣ ማማሰያውን ከምስር ወጡ ሳታወጣ።

«አብሮት ተፈጭቷል እኮ። እህትሽ ምን ምን እንደጨመረችበት አንቺው ነሽ የነገርሽኝ።»

«ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ አሁንም ሽንኩርት ነው?»

አንቺ የምላት እዚህ አሜሪካ ላደግነው አንቱ ማለት ስለማይሆንልን ነው። ተቆጥታ ተቆጥታ ትታዋለች። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባላት ትንሽ ምግብ ቤት እሷ ታበስላለች፣ እኔ አስተናግዳለሁ፤ ቤቱ ጭር ሲል ደግሞ ናፕኪን ላይ ግጥም እሞክራለሁ። የዚያን ቀን ግጥም የሚያስብ ጭንቅላት አልነበረኝም። ከማለዳ ጀምሮ ቆመን ውለን እግራችን ዝሏል፤ የምንከራከረውም ለመሸናነፍ ሳይሆን ዝም ማለቱ ራሱ ስለከበደን ይመስለኛል።

ነገሩ የመጣው ከመንገዱ ማዶ ላውንድሪ ባላቸው ህንዳዊ ሽማግሌ ነው። እኛ ዘንድ ብቅ እያሉ ሻይ ይጠጣሉ። የጾም ምግብ የሚባል ነገር እንዳለን የሰሙ ቀን ፊታቸው በራ። ሃይማኖታቸው ጄይን ይባላል። ሥጋና ዕንቁላል ብቻ ሳይሆን ከመሬት የሚነቀል ሥርም አይበሉም፤ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ካሮት። ሥሩ ሲነቀል ተክሉም፣ አፈሩ ውስጥ ያለው ዓይን የማያየው ነፍስም አብሮ ይሞታል ብለው ነው። የመነኩሴ መምህራቸው መታሰቢያ ቀን ሲደርስ ለእንግዶቻቸው እንድናበስል ጠየቁን፤ እትዬ «ጾም» የምትለዋን ቃል ሰምታ እሺ አለች። የሽንኩርቱን ነገር ስነግራት አኮረፈች። ያለ ቁሌት የተሠራ ወጥ በሕይወቷ አይታ አታውቅም። ቢሆንም በዘይትና በቲማቲም ሠራችው። በርበሬውን ግን ሁለታችንም አላሰብነውም። ሽታው ሲነሳ ነው ደንግጬ ያስታወስኩት። የሽሮው ዱቄትም ያው ነው።

ሽማግሌው ሻይ እየጠጡ ስለ መምህሩ ብዙ አውርተውኛል። መምህሩ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነበሩ። ገና ወጣት ሳሉ ቤታቸውን ትተው ወጡ፤ ከዚያ በኋላ መኪናም ባቡርም ሳይሳፈሩ አገራቸውን በባዶ እግር ዞሩ። ጉንዳን እንዳይጎዱ የሚቀመጡበትን በጣዎስ ላባ ይጠርጋሉ። ጠጉራቸውን በምላጭ አይላጩም፤ በጣታቸው ይነጩታል። የሚበሉት በቀን አንዴ፣ ቆመው፣ ሁለት መዳፋቸውን እንደ ጽዋ ገጥመው ነው። በምግቡ ውስጥ የማይገባ ነገር ከተገኘ የገጠሙትን እጅ ይፈቱታል። ሌላ አምጡ አይሉም፣ ማንንም አይወቅሱም፤ እስከ ማግስቱ ይጾማሉ። ሽማግሌው ልጅ ሳሉ እናታቸው ባቀረበችው ምግብ ውስጥ ጠጉር ተገኝቶ የመምህሩ እጅ ሲፈታ አይተዋል። «እናቴ እስክትሞት ያን ቀን ታነሳው ነበር» ብለውኛል።

መምህሩ አውሮፕላን ስለማይሳፈሩ አሜሪካን ሳያዩ አረፉ። እዚህ ያሉት ተከታዮቻቸው ለፎቶግራፋቸውና በእብነ በረድ ለተቀረጸ የእግራቸው ቅርጽ ይሰግዳሉ። ያለ መኪና ዳቦ በማይገዛበት ከተማ ለባዶ እግር ይሰገዳል።

ይህን ሁሉ ለእትዬ ነግሬያታለሁ። «የእኛም ጻድቅ አንድ እግራቸው እስኪቆረጥ ቆመው ጸልየዋል» አለች። «ስለ በርበሬ ግን ያሉት ነገር የለም።»

እንደገና እንዳናበስል ጊዜ የለም፤ እነሱ ፀሐይ ሳትጠልቅ መብላት አለባቸው። ጎመኑና እንጀራው ንጹሕ ስለሆነ እሱን ብቻ እንስጣቸው አልኳት።

«ለመታሰቢያ ጎመን ብቻ? ሰው ምን ይለኛል?» ክዳኑን ገጠመችው። «ሳያውቅ የበላ አይጠየቅም። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን፣ አንቺ ብቻ አፍሽን ያዢ።»

እንጀራውን መጠቅለል ጀመርኩ። ልንገራቸው ወይስ ልተወው፣ ገና አልወሰንኩም ነበር። በዚህ መሃል ሽማግሌው ነጭ በነጭ ለብሰው ገቡ። በቀጥታ ወደ ማብሰያው መስኮት ሄደው መዳፎቻቸውን ገጥመው ለእትዬ ጎንበስ አሉ። እትዬ እንግሊዝኛው ስለማይገባት እኔ አስተረጎምኩ።

«ዛሬ በእናቴ ቦታ ያለሽው አንቺ ነሽ ይሉሻል።»

እትዬ ማማሰያውን አስቀመጠች። እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ መልሳ ጠረገች።

«በርበሬው ውስጥ ነጭ ሽንኩርት አለ» አለች በአማርኛ፣ እኔን ሳይሆን እሳቸውን እያየች። «ሽሮውም ውስጥ አለ። ንገሪያቸው።»

ነገርኳቸው። ድስቶቹን አንድ በአንድ አዩ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈለግሁ፤ አልነበረም። ጎመኑን ገልጬ አሳየኋቸው፣ ይሄ ምንም የለበትም አልኳቸው። አይሆንም በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ቤት ፍራፍሬ አለ፣ እንግዶቹ እሱን ይበላሉ አሉኝ በለሆሳስ።

«እሳቸውስ?» አለችኝ እትዬ።

ልጠይቅላት ዞር ስል እስካሁን ገጥመዋቸው የነበሩት መዳፎቻቸው ተለያይተው እጆቻቸው ወደ ጎን ወርደዋል። እትዬም አየች። ጎመኑን በችኮላ ዕቃ ውስጥ መገልበጥ ጀመረች፤ «ያዢያቸው፣ ይሄን እንኳ» እያለች። እሳቸው ግን ወንበሮቹን እንዳይነኩ እየተጠነቀቁ በጠረጴዛዎቹ መሃል አልፈው ወጡ፤ በሩም ከኋላቸው በዝግታ ተመልሶ ገጠመ።