የእትዬ የሺን ላም የከሰስኩ ዕለት

ትናንት ጠዋት... ሹም አቦ ሰፈር ካለው ቤቴ የወጣሁት አንዲት ላም ለመመርመር ነበር።

ላሟ የጎረቤታችን የእትዬ የሺ ናት። ጥቁርና ነጭ፣ የፈረንጅ ዲቃላ። የሁለት ዓመቷ ልጄ ወተት ከእሷ ነው የሚመጣው፤ በየጠዋቱ አንድ ሊትር። ያቺን አንድ ሊትር ለማግኘት ወራት ሙሉ ወረፋ ጠብቀናል። ካገኘንም በኋላ «ዛሬ ትንሽ ጎድሏል፣ ታገሡኝ» የምንባልበት ቀን ነበር።

ከሁለት ሳምንት ወዲህ ግን ነገሩ ተገለበጠ። እትዬ የሺ ጠርሙሳችንን እስከ አፉ ይሞሉታል፣ ምርቃት ይጨምራሉ፣ ይባስ ብለው «ዕቃ ካላችሁ ሌላም ውሰዱ» ይላሉ። እንደኔ ያለ የተማረ ሰው ደግሞ ደግነት ሲበዛበት ይጠራጠራል።

በዚያው ሰሞን ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አየሁ። ውጭ አገር ላሞች ወተት እንዲጨምሩ የእድገት ሆርሞን ይወጋሉ ይላል። አንዱ አገር ፈቅዶታል፣ ሌላው ከልክሎታል፣ ሰው ይጎዳል አይጎዳም የሚለው ክርክርም አላለቀም ይላል። እኔ እዚያ ድረስ አልጠበቅኩም። «ይወጋሉ» የሚለው ጋ ስደርስ ፍርዴን ሰጠሁ... ማክሰኞ ዕለት አንድ ሰውዬ መርፌ ይዞ እትዬ የሺ ግቢ ሲገባ በዓይኔ አይቼዋለሁና።

ወዲያው የሰፈራችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፍኩ። «ወላጆች ተጠንቀቁ! ሰፈራችን ውስጥ በሆርሞን የምትታለብ ላም አለች።» ስም አልጠቀስኩም፤ ጨዋ ነኝ። ሰፈሩ ውስጥ ያለችው ላም ግን አንድ ናት።

«ሴትየዋን ጠይቀሃቸዋል?» አለችኝ ሚስቴ። አልጠየቅኩም። ከከሰስኩ በኋላ ልጠይቅ ሄድኩ።

እትዬ የሺ ለላሟ ድርቆሽ እያቀረቡ አገኘኋቸው።

«እትዬ የሺ፣ ላሟን መርፌ ያስወጓታል እንዴ?»

«አዎ፣ ማክሰኞ አስከተብኋት። በሽታ ገብቷል ቢሉኝ።»

«ወተቱስ? በአንዴ እንዲህ የበዛው በምንድን ነው?»

ትክ ብለው አዩኝ።

«መምህር፣ ቁርስህን በላህ?»

«ኧረ አልበላሁም፣ ጾም አይደል እንዴ።»

«ሌላውስ ሰው?»

«ሌላውም እንደዚያው።»

«ሁዳዴ ሲገባ ደንበኛው ሁሉ ተወ። አሁን የምትወስዱት ልጅ ያላችሁ ሦስት ቤቶች ብቻ ናችሁ። ሰዉ ጾመ እንጂ ላሟ አልጾመች... ጠዋት ማታ ትሰጣለች። ምን ላድርገው ታዲያ? ለሕፃኗ ብዬ ሞላሁልህ።»

እኔ ራሴ ሁለት ሳምንት ሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀመስኩም። የወተቱ መብዛት ከጾሙ ጋር ይገናኛል ብዬ ግን ለአፍታ አላሰብኩም። ኮሌጅ የማስተምረው ደግሞ... ሎጂክ ነው።

«ይልቅስ ከሦስቱ ባለ መንታዋ እናት ትናንት ቀረችብኝ፤ ብጠብቃት ብጠብቃት አልመጣች አለች። ምን አስቀይሜያት ይሆን?» አሉኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የጻፍኩትን ነገርኳቸው።

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ጠርሙስ ወተት ሞሉና እጄ ላይ አስቀመጡት። «በል፣ ይኸን ራስህ አድርስላት። የጻፍኸውንም አንተው በአፍህ አርምልኝ።»

ሄድኩ። ባለ መንታዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ሰማችኝ። ተሳስቼ ነው፣ መርፌው ክትባት ነው፣ ወተቱ የበዛው ሰው ስለጾመ ነው... ሁሉንም አስረዳኋት። ከውስጥ አንዱ መንታ ያለቅሳል።

ኩባያ አመጣች፤ ከጠርሙሱ ቀዳችና ዘረጋችልኝ።

«እንግዲያው እስኪ ይቅመሱልኝ።»

እውነቷን ነው። በአገራችን ያቀረበ ሰው ቀድሞ ይቀምሳል። ኩባያውን አየሁት... እሷም አየችኝ።

«እኔ እንኳ... ጾም ላይ ነኝ።»

«ገባኝ» አለችና ኩባያውንም ጠርሙሱንም አስታቅፋኝ በሩን ዘጋችው።

እትዬ የሺን ሳማ ያልከለከለኝ ጾም፣ ስማቸውን ልመልስ ስል ከለከለኝ።