ሜዳ ላይ ያቆምኳት ቀን

ያቺ ፒካፕ ያለ ቁልቁለት አትነሣም ነበር። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ስሠራባት የማሳድራት ከቤቴ በላይ ካለው ዳገት አፋፍ ላይ ነው። ጠዋት ድንጋዩን ከጎማዋ ሥር አነሣለሁ፣ ፍሬን እለቃለሁ፣ ስትንደረደር ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ስለቀው ግር ብላ ትነሣለች። ቡሬም ልሂድ አዴት፣ ዓይኔ መጀመሪያ የሚፈልገው ተዳፋት ነበር። ጓደኞቼ «ይሄ ሰውዬ ሲሞት እንኳ ቁልቁለት ላይ ቅበሩኝ ይላል» እያሉ ይስቁብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሞተሯን የሚቀሰቅሰው ሞተሪኖ አንድ ቀን ይሠራል፣ ሦስት ቀን ያኮርፋል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ለዓመታዊው ምርመራ ብዬ ከኮፈኗ ሥር ያለውን ዝገት ሁሉ በገዛ እጄ ጥቁር ቀለም ቀብቼ አሳምሬያታለሁ፤ ምርመራውንም አልፋለች። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ከቡሬ ወደ ሽንዲ ከሚወስደው መንገድ የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ብላ ባለችው መንደራችን ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ መቃ ቀርጸው የኖሩ ሰው ናቸው። የመጨረሻ ሥራቸው ለደብሩ የሚጽፉት ተአምረ ማርያም ነበር። አሥራ አንድ ቅጠል ሲቀራቸው ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። መጀመሪያ ፊደሉ ጠፋባቸው፣ ከዚያ መስመሩ፣ በመጨረሻ ብራናው ራሱ። አሥራ አንዱን ቅጠል ግን አስቀድመው በወስፌ አስምረውት ነበር። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ጭናቸው ላይ ይዘረጉትና መስመሩን በጣታቸው ይከተላሉ። ሌላ ጸሐፊ ይጨርሰው ሲባሉ «የሌላ እጅ አይግባባት፣ እኔው ጀምሬያታለሁ እኔው እጨርሳታለሁ» ይላሉ።

በዚያ ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ የዓይን ሐኪሞች ፍኖተ ሰላም መጥተው ለጥቂት ቀን ሞራ እንደሚያወጡ በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ። ሥራዬን ጥዬ ሮጥኩና አባቴን አስመዘገብኩ። የደረሳቸው የመጨረሻው ቀን፣ ዓርብ ነው። መዝጋቢዋ «ከስድስት ሰዓት በፊት ይድረሱ፤ ከዚያ በኋላ ዕቃ መሸከፋችን ነው» አለችኝ። እኔም «ኧረ አራት ሰዓት ላይ እዚህ ነን!» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መንደር ደረስኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መኪናዋን መንገዱ ዳር ተዳፋቱ ላይ አቁሜ በእግሬ ነበር የምገባው። ያን ቀን ግን አባቴ በዚያ ጭቃ እየተደናቀፉ ሲወጡ ታየኝና ሆዴ እምቢ አለ። ልጅ መኪና እያለው አባቱ በእግራቸው ሊወጡ? ደጃቸው ድረስ አስገባኋትና አቆምኳት። ደጁ ድፍን ሜዳ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ጋቢና ገብተዋል። የመጻፊያ ሣጥናቸውን አቅፈዋል።

«እሱን ደግሞ ምን ሊያደርጉት ነው አባ?» አልኳቸው።

«ዓይኔን የፈቱልኝ ለት እዚያው አንዲት ፊደል እሞክርባታለሁ» አሉኝ። ፊታቸው የሙሽራ ፊት መስሏል።

ቁልፉን ጠመዘዝኩ። «ቀጭ» አለች። ደገምኩ። «ቀጭ።» ሌላ ድምፅ የላትም። የፊት መብራቱን ሳበራው ቦግ ይላል፤ ቁልፉን ስጠመዝዝ ድርግም ይላል። ባትሪው ደክሟል አልኩ። የባትሪውን ሽቦ የሚይዙትን ሞርሴቶዎች ፈትቼ አጸዳሁ፣ መልሼ አጠበቅሁ። «ቀጭ።»

ጎረቤቱ ተሰብስቦ ገፋን። ስምንት ወንድ ሆነው ገፏት። ግን መሬቱ የሚያዳልጥ መረሬ ነው፤ ፍሪሲዮኑን በለቀቅሁ ቁጥር ጎማው ሳይዞር እንዲሁ ይንሸራተታል፣ ሞተሩ አይነቃነቅም። ሰዎቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆኑ። አባቴን እንዳይወርዱ ብያቸው ከውስጥ እንደተቀመጡ ስለነበሩ በተገፋች ቁጥር «አይዟችሁ ልጆቼ፣ አይዟችሁ» ይላሉ።

ያን ጊዜ ነው እህቴ ክንዴን ይዛ ወደ ጎን የወሰደችኝ። አባቴን የምትጦረው እሷ ናት። «የሽንዲው አውቶቡስ ሁለት ሰዓት ላይ ያልፋል። በቅሎዋን ልጫናትና አባን መንገድ እናድርሳቸው፣ አውቶቡሱን ይያዙ» አለችኝ።

«መኪና ደጃቸው ቆሞ በበቅሎ?»

«የቆመውማ ቆሟል እኮ! አልሄድ አለ እንጂ።»

ሰው ሳቀ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። «ሂጂ ወደ ጓዳሽ! አሁን ትነሣለች አልኩሽ!» ብዬ ጮህኩባት። አሁን ሳስበው ምላሴን በቆረጠው እላለሁ። እህቴ ግን በቅሎዋን ጭና ደጁ ላይ አሰረቻት።

የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ የወፍጮውን ባትሪ ፈትቶ በትከሻው ተሸክሞ አመጣልኝ። አዲስ ነው፣ ብርቱ ነው። አሰርኩት፣ ጠመዘዝኩ። «ቀጭ።» ባትሪው አዲስ ሆኖም መብራቱ እንደ ቅድሙ ድርግም አለ። የገባው ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ባትሪውን ትቶ መንገዱን ይፈትሽ ነበር፣ ኤሌክትሪኩ የሚሄድበትንና የሚመለስበትን። እኔ የት ገብቶኝ! መኪናዋ ሥር ጭቃው ውስጥ በጀርባዬ ተኝቼ ሞተሪኖውን በድንጋይ መቀጥቀጥ ጀመርኩ። እየቀጠቀጥኩ ሳለ ከወደ መንገዱ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ተሰማ። ረጅም ነበር፣ ሁለት ጊዜ። እህቴ ሄዳ የበቅሎዋን ጭነት ስትፈታ ከመኪናው ሥር እግሯን አየሁት።

አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሆነ። የማውቀውን ሁሉ ጨረስኩ፤ የማላውቀውንም ነካካሁ። ፊውዞቹን አውጥቼ መለስኩ። መጨረሻ ላይ ኮፈኑን እንደከፈትኩት ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና እንባዬ መጣ። አባቴ የማያዩ መሆናቸው ያን ጊዜ ጠቀመኝ፤ ያፍሩብኛል ብዬ የምደበቀው እሳቸውን ነበርና።

እሳቸው ግን በሩን ከፍተው ወረዱ። መኪናዋን እየዳሰሱ ወደ ኮፈኑ መጡ። «እስቲ አዙራት» አሉኝ።

«አባ ይተዉት፣ ልፋት ነው።»

«አዙራት አልኩህ።»

ገብቼ ቁልፉን ጠምዝዤ ያዝኩት። አባቴ በእነዚያ መስመር በለመዱ ጣቶቻቸው ከባትሪው የሚወጣውን አንዱን ሽቦ ተከትለው እስከ ጫፉ ሄዱ። ተመልሰው ሌላውን ያዙ። እሱ አጭር ነው፤ ከባትሪው ወርዶ ከመኪናዋ ሻንሲ፣ ከብረት አካሏ ጋር በብሎን የታሰረው ነው። እዚያ ብሎኑ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን መነጨቁ።

«ሌላው ሁሉ ቀዝቃዛ ነው። ይቺ ግን ታቃጥላለች። እዚህ ታፍኗል ልጄ» አሉኝ።

ወርጄ ነካሁት። እውነት ያቃጥላል። ብሎኑን ፈታሁት። ከሥሩ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም! በገዛ እጄ የቀባሁት፣ ለምርመራ መኪናዋን ያሳመርኩበት! ቀለሙ ላይ መልሼ አስሬው ነበር ማለት ነው። ብረት ከብረት አልተገናኘም፤ ለመብራቱ የሚበቃ ያህል ብቻ ያሳልፋል፣ ለሞተሪኖው ግን መንገድ የለውም። ስድስት ወር በቁልቁለት የሸሸሁት ነገር ይሄ ነው።

«ቀለም ነው አባ» አልኩ።

«ቀለም ከሆነማ ይፋቃል» አሉና ሣጥናቸውን ከፍተው ትንሿን ሰንጢ ሰጡኝ። ብራና ላይ ሲሳሳቱ ፊደል የሚፍቁባት ናት። በልጅነታችን እንኳን ልንነካት አጠገቧ አንደርስም ነበር። በእሷ ብረቱ እስኪነጣ ፋቅሁት፣ አሰርኩት፣ ጠመዘዝኩ። በአንድ ጊዜ ተነሣች። ሰው ሁሉ እልል አለ፤ እህቴ ብቻ ፀሐይዋን ቀና ብላ አየች።

አምስት ሰዓት ተኩል አልፏል። ከዚያ በኋላ የነዳሁትን መንዳት አልናገረውም። ቡሬን በጥሩምባ ሰንጥቄ አለፍኩ። ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ድንኳኑ ፈርሷል፣ ሣጥኖቹ መኪና ላይ ናቸው፣ ዓይናቸው የታሸገ ሽማግሌዎች ልጆቻቸውን ተደግፈው ይወጣሉ። መዝጋቢዋ እኔን ስታይ መዝገቡን መግለጥ እንኳ አላስፈለጋትም። «ጠበቅናችሁ እኮ» አለች። ለመንኩ። እግሯ ላይ ልወድቅ ነበር፣ አባቴ ክንዴን ያዙኝ። «በሚመጣው ዓመት እንመጣለን አባታችን» አለቻቸው።

«እግዜር ይስጥልን፣ ደክማችኋል» ብለው መረቋት።

ስንመለስ ቡሬ ደረስን። ሻይ ላጠጣቸው አቆምኩና ሳላስብ ሞተሩን አጠፋሁት፤ ሜዳ ላይ። ጠጥተን ስንወጣ በአንድ ቁልፍ ተነሣች። አባቴ ድምፁን አዳመጡና «አሁንማ ጥሩ ትነሣለች» አሉኝ። ከልባቸው ደስ ብሏቸው ነው ያሉት። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ያረፉት በዚያው ዓመት ጥር ላይ ነው። ሐኪሞቹ ተመልሰው ሲመጡ ተዝካራቸው ወጥቷል። መጽሐፉን ደብሩ እንዳለ አስጠረዘው፤ አሥራ አንዱ ቅጠል ከኋላው እንደተሰመረ ባዶውን አለ። የመጻፊያ ሣጥኑን እህቴ ለእኔ ሰጠችኝ።

ከፈትኩት። ብዕሮቹ ታጥበዋል፣ የቀለሙ ቀንድ ተወልውሏል፤ አባቴ ባያዩም ዕቃቸውን አቆሽሸው አያስቀምጡም። የሰንጢዋ ስለት ላይ ግን ጥቁር የመኪና ቀለም ደርቆበታል። ያን ቀን ሳልጠርግ ሣጥኑ ውስጥ የመለስኳት እኔ ነኝ።