የድሮ ልክ

የወንድሜን ሞት የሰማሁት ልብስ ሳሰጣ ነው። ሚስቱ ደውላ «ማሽኑ ላይ እንዳቀረቀረ ቀረ» አለችኝ። የያዝኩትን አንሶላ አስጥቼ ሄድኩ።

ልብስ ሰፊ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ በአንድ ማሽን ጀመረ። የደንብ ልብስ ትእዛዝ ሲበዛ ማሽኖቹ ስድስት ሆኑ። መጀመሪያ ሶፋው ወጣ፣ ቀጥሎ አልጋው፤ በመጨረሻ ሴት ልጁ እኔ ዘንድ መኖር ጀመረች። «ፋብሪካ እስክከፍት ነው» ይለን ነበር። ሚስቱ «የሰው ሁሉ ልክ ታውቃለህ፣ የራስህን ብቻ ነው ያላወቅከው!» እያለች ስትተርበው፣ እየሳቀ መስፋቱን ይቀጥል ነበር።

ባለፈው ወር ለልጁ የምረቃ ቀሚስ ሰፍቶ ላከላት። ሳይለካት፣ ደብተሩ ላይ በቆየው ልክ ነበር የቆረጠው። ቀሚሱ ከትከሻዋ አልወርድ አለ። አብረን ይዘንለት ሄድን።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ የአስራ ሁለት ዓመቷ እኔ ናት። አስራ ስድስት ሞላኝ!» ብላ ሳቀች።

እሱ አልሳቀም። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ እንግዳ እንደሚያይ ሰው ከራሷ እስከ እግሯ አያት። «ነይ ልለካሽ» ብሎ ሲነሳ ስልኩ ጮኸ። አዲስ ትእዛዝ ነበር።

«ነገ ነይ፣ የኔ እናት» አላት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ሄደች፤ ሁለቴም «ነገ» ብሎ መለሳት።

አሁን ማሽኖቹ ከሶኬት ተነቅለዋል። ሚስቱ ግን ድምፃቸው ይሰማኛል ትላለች። እኔም ይሰማኛል፤ አልነገርኳትም።

ምረቃው አስራ አምስት ቀን ቀርቶታል። ልጅቷ እስካሁን አልተለካችም።