ለይታይሽ ያዋስኋት ግራ እጄ

ልጄ ደሴ ከባሕር ዳር ያመጣውን የኮምፒውተር ጌም መጫወቻ ከካርቶኑ ሲያወጣው እንደ ሰሃን የሰፉ ሁለት ቁልፎች ነበሩበት። አንዱን በመዳፌ ብጫነው «ቀጭ» አለ። ያ ድምፅ መካነ ኢየሱስ ከተማ ካለው ቤታችን አንሥቶ የልጅነቴ አውድማ ላይ ጣለኝ፤ የወንዝ ጠጠር ከጠጠር ሲጋጭ እንዲሁ ነበር የሚለው።

እህሉ ጎተራ እስኪገባ ወፍ እንድንጠብቅ የተላክን ልጃገረዶች፣ በእበት የተለቀለቀው አውድማ ለስልሶ ስናገኘው፣ ጥበቃውን ለእግዜር ትተን ቅልብልቦሽ እንጫወት ነበር። አንዷን ጠጠር ወደ ላይ ወርውሮ፣ እስክትመለስ መሬት ያሉትን ለቅሞ፣ የተወረወረችውን መቅለብ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ይታይሽ በሕፃንነቷ ታማ ጣቶቿ አይታዘዙላትም ነበር፤ ዓይኗና አንደበቷ ግን ለሁላችንም ይተርፉ ነበር። ልጆቹ አዝነው «ለሷ ሲሆን ብትወድቅም ተቀለበች እንበል» ቢሉ ተቆጣች።

«ምጽዋት በደጀ ሰላም ነው፤ እኔ የመጣሁት ልጫወት ነው!»

እውነቷን ነበር። ስለዚህ ግራ እጄን አዋስኋት። «ወርውሪ» ስትል እወረውራለሁ፣ «ሁለቱን ልቀሚ» ስትል እለቅማለሁ፣ ካላዘዘች ጠጠሯ አፍንጫዬ ላይ ብታርፍም እጄን አላነሣም። ተራው የኔ ሲሆን ደግሞ በቀኜ እገጥማታለሁ። የማትረባ እጅ ማዋስ ግፍ መስሎ ስለታየኝ፣ ማታ ማታ ምድጃ ዳር ተቀምጬ ግራዬን በባቄላ አለማምዳት ነበር። እንዲህ ስደክም ከርሜ ይታይሽ በገዛ እጄ አሸነፈችኝ። እያለቀስኩ ቤት ብገባ እናቴ «ማን ነካሽ?» ብላ ተነሣች። «ግራ እጄ!» ብላት የቤቱ ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

የደሴ ታናሽ ልጅ ሶስናም ከተወለደች ጀምሮ እጆቿ ይንቀጠቀጣሉ። በኮምፒውተሩ ላይ ከእኅቷ ከምሕረት ጋር መኪና ሲሽቀዳደሙ፣ የሶስናን ቁልፍ በግራ እጄ የምነካላት እኔ ነበርኩ።

«ቀኝ፣ እማማ! ኧረ ቀኝ! ገደል ከተቱኝ እኮ!»

ምሕረትም ከጎን ሆና «እማማን ሹፌር አድርጎ የሾመ ራሱ ይውደቅ» እያለች ትስቅብናለች። ሶስና ግን በራሷ እጅ ነድታ እኅቷን መርታት ነበር የምትመኘው፤ ደሴ መጫወቻውን ያመጣላትም ለዚሁ ነው።

ገመዱ ሲሰካ ኮምፒውተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። ለካ የትኛው ቁልፍ ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ ሊነገረው ይገባል። ደሴ ካርቶኑ ላይ እንዳለው ሥዕል ሁለቱንም ቁልፎች ከመዳፎቿ ሥር ቢያደርጋቸው፣ እጆቿ በተንቀጠቀጡ ቁጥር መኪናዋ ገደል ገባች። ተስፋ ቆርጦ «የምሕረትን መኪና ቀስ እንድትል ላድርጋት» ሲል ዘልዬ ተነሣሁ።

«ድሉን አትስጣት! ቁልፉን ወደ እሷ አምጣላት።»

ሶስና የሚታዘዝላትን ራሷ አሳየችን፤ ግራ ክርኗንና ቀኝ ጉልበቷን። አንዱን ቁልፍ ትራስ ላይ አድርገን ከክርኗ ሥር፣ ሌላውን በነጠላዬ ጫፍ ከጉልበቷ አጠገብ ከወንበሩ ጋር አሰርነው። ክርን ለግራ፣ ጉልበት ለቀኝ ተባለ። ይህን አስተካክለን ሳንጨርስ መብራት ጠፋ፤ ሲመጣ ኮምፒውተሩ የተነገረውን ሁሉ ረስቶ ቆየንና እንደገና ከሀ ጀመርን።

መኪናዋ በመጨረሻ ታዘዘች። ምሕረት አልራራችላትም፣ እኔም ራሪላት አላልኳትም፤ ሶስና ደጋግማ ተሸነፈች። አመሻሽ ላይ ግን ሁለቱ መኪኖች ጎን ለጎን ሆነው የመጨረሻው ጠመዝማዛ ሲመጣ፣ ግራ እጄ ልማዷ ነውና ሳላስበው ወደ ቁልፉ ሄደች።

«እማማ፣ እጅዎን ያንሱልኝ!»

አነሣኋት። ሶስና በጉልበቷ ጠምዝዛ ቀድማ ገባች፤ ጩኸቷ ጎረቤት ጠራ።

ይታይሽ ወደ ስማዳ ተድራ ከሄደች በኋላ ተያይተን አናውቅም፤ ከሷ ወዲህ ግራ እጄን ያዘዘቻት ሶስና ብቻ ነበረች። አሁን ልጆቹ ሲጫወቱ ከኋላቸው እቀመጣለሁ። ትምህርት ቤት ሲሄዱ ደግሞ ያንን ሰፊ ቁልፍ በግራዬ እጫነዋለሁ። «ቀጭ» ይላል። ጆሮዬን ጣል ባደርግ፣ «ወርውሪ» የሚለኝ የለም።